አርባ እርምጃ ከአሮጌው በር

የእድራችን የመቃብር ኃላፊ አቶ ደምሴ፣ ሁላችንም ጋሽ ደምሴ የምንላቸው፣ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ አቃቂ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። ጥሩንባውን የሰማችሁ ቀብራቸው ላይ ነበራችሁ፤ ያልሰማችሁ ይኸው አሁን ትሰማላችሁ። ሰው ፊት ቆሜ መናገር እንደማልችል የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ጻፍኩት። የምጽፈውም ኀዘኑን ብቻ አይደለም፤ ከሰኞ በፊት ልትሰሙት የሚገባ ነገር ስላለ ነው።

ጋሽ ደምሴ በጉልምስናቸው የባቡር ሐዲድ ጠባቂ ነበሩ። ከሐዲዱ ሥር ከተጋደሙት ብረቶች ከአንዱ ወደ ቀጣዩ እየረገጡ፣ የላላ ብሎን እየፈለጉ ቀኑን ሙሉ ይሄዱ ነበር። ጡረታ ወጥተው የመቃብሩን ኃላፊነት ሲረከቡ ሐውልትም ድንጋይም የሌላቸውን መቃብሮች በደብተር መመዝገብ ጀመሩ። ለፋብሪካ ሥራ መጥተው ዘመድ ሳይኖራቸው የሞቱትን እድራችን የቀበረበትን ረድፍ «የእንግዶች ረድፍ» ይሉት ነበር። ደብተሩ ላይ እንዲህ ይነበባል፦ «ከአሮጌው በር ወደ ውስጥ አርባ፣ ከግንቡ አሥራ አንድ። የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ። ስሙን የሚያውቅ አልተገኘም። ዝምተኛ ነበር ይላሉ።»

እትዬ ዘነበች ሕፃን ልጃቸውን የቀበሩት እዚያው ረድፍ ላይ ነው፤ ያኔ ድንጋይ ለማቆም አቅም አልነበራቸውም። ጋሽ ደምሴ በየዓመቱ ክንዳቸውን ይዘው ቦታው ድረስ ያደርሷቸው ነበር። አንድ ጊዜ እኔም ከኋላቸው ነበርኩ።

«አንተ ደምሴ፣» አሉ እትዬ ዘነበች፣ «የሌላ ሰው ልጅ መቃብር ላይ አቁመህ እንዳታስለቅሰኝ!»

«ብሳሳት እንኳ እንባሽ አይባክንም ዘነቡ። ደግሞ አልተሳሳትኩም።»

በመቃብሩ አሮጌ በር በኩል ወደ ቂሊንጦ የሚወስደው መንገድ ሊሰፋ ነው የተባለ ጊዜ ጋሽ ደምሴ ደብተሩን ይዘው ቤታችን መጡ። ሕግ መማሬን ያውቁ ነበር።

«ልጄ፣ ሕጉ ሙታንን ያውቃቸዋል?»

«መቃብር የደፈረ፣ አስከሬን ያዋረደ ይቀጣል ይላል፣ ጋሼ።»

«እሱስ ደግ። መቃብር መሆኑን ግን ማን ይነግረዋል? ድንጋይ የለው፣ መስቀል የለው። ለዶዘር ነጂው ሣር ነው።»

መልሱ ደብተሩ ነበር። ለሁለት ወር ያህል እርሳቸው እያነበቡልኝ እኔ በኮምፒዩተር ጻፍኩ፤ ካርታም ሠራሁ። መንገዱን የሚያሰፋው መሥሪያ ቤት የሚቀበለው በሜትር የተጻፈ ብቻ ስለነበር፣ ከየቁጥሩ አጠገብ «ሜትር» ብዬ ጻፍኩና ከግርጌው ፈረምኩ። ጋሽ ደምሴ ወረቀቱን ወደ ደከመ ዓይናቸው አስጠግተው «እንደ ደብተሬ ነው አይደል?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ፣ አንድም ቁጥር አልቀየርኩም» አልኳቸው።

ካርታውን ያየው የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ሳቅ አለ። «ታዲያ ምን አስጨነቃችሁ? መንገዱ የሚወስደው ከበሩ ወደ ውስጥ ሠላሳ ሜትር ነው። የእናንተ መቃብር የሚጀምረው ከአርባ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ መጥቼ የወሰኑን ችካል እተክላለሁ፣ አለቀ።» በደስታ እግሬ መሬት አልነካ አለ። ጋሽ ደምሴ ግን በታክሲው ውስጥ እስከ አቃቂ ድረስ በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይቆጥሩ ነበር። ስንወርድ «በሩ ቅርብ ይመስለኝ ነበር» አሉ። «ወረቀቱ ላይ እኮ አርባ ነው ጋሼ» ብዬ አረጋጋኋቸው። ይህች ማረጋጋቴ አሁን እንቅልፍ ነስታኛለች። በዚያው ሳምንት ተኙ፤ አልተነሡም።

ከእንግዶቹ ረድፍ ጫፍ እንዲቀበሩ ተናዝዘው ነበር። ረቡዕ ጠዋት ቆፋሪያችን አያሌው ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ «ጋሼ፣ የት ልቆ...» ብሎ ዞረ፤ ከልማዱ ነው። ከዚያ አንገቱን ደፋ። እኔ ካርታውን ሰጠሁት። በሜትር ለክተን አርባ ላይ ስንቆም እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ።

«ኧረ እዚህ አይደለም! እኔ በሩን በዚህ ርቀት አይቼ አልቅሼ አላውቅም!»

«ካርታው ነው እኮ፣ እትዬ» አለ አያሌው።

«ካርታው ልጅ ወልዷል? እኔ ነኝ የወለድኩት!»

አያሌው ወደ በሩ ተመልሶ ትንሽ ቆመ። «ጋሼ የሐዲድ ሰው ናቸው» አለ። «ሲቆጥሩ ከብረት ወደ ብረት ነው የሚረግጡት፣ አጭር አጭር።» ከዚያም እንደ እርሳቸው እየረገጠ አርባ ቆጠረ። የደረሰው ከካርታዬ ብዙ ቀድሞ ነው። በዶማው ሳይሆን በእጁ ጫር ጫር እያደረገ ወረደ፤ የበሰበሰ የሣጥን እንጨት ሲነካ አማተበና አፈሩን መለሰው። የጋሽ ደምሴን መቃብር ከጎኑ ቆፈረ። ፍትሐቱ ሲደረስ በጆሮዬ የሚያቃጭለው «ሜትር» የሚለው ቃል ብቻ ነበር።

ትናንት የልብስ ስፌት ሜትር ይዤ ወደ ድሮው ሐዲድ ወረድኩ። ሣር ውጦታል፤ ብረቶቹ ግን አሉ። ከአንዱ እስከ ቀጣዩ ደጋግሜ ለካሁ። ሰባ ሳንቲ ሜትር አይሞላም። አርባው እርምጃ ሃያ ስምንት ሜትር እንኳ አይደርስም ማለት ነው። የእንግዶቹ ረድፍ በሙሉ መንገዱ ውስጥ ነው፤ መንገዱ አይነካቸውም የሚለው ወረቀት ደግሞ የእኔ ፊርማ አለበት።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አሮጌው በር ጋ እንድትገኙልኝ እለምናለሁ። በዚያ ረድፍ ሰው የቀበራችሁ፣ የቆፈራችሁ፣ ቃሬዛ የተሸከማችሁ፣ ቦታውን በእግራችሁ የምታውቁት ኑ። ባለሙያው ይሰማኝ ይሆን፣ ወይስ ያለቀ ነገር ነው ይለኝ ይሆን፣ አላውቅም። ችካሉ ከተተከለ በኋላ ማስነሣት ከባድ ነው።

ጋሼ፣ ቁጥርዎን አልቀየርኩም ብዬዎት ነበር፤ እውነት ነው። እርምጃዎን ግን ወሰድኩብዎት። እርስዎ በአንድ እግር ልክ የጠበቋቸውን ሰዎች እኔ በአንድ ቃል ሜዳ ላይ ጣልኳቸው፤ አሁን እርስዎም ከእነርሱ ጋር ነዎት። «በሰላም ይረፉ» ልልዎት እፈልጋለሁ፤ ዶዘሩ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሳየው ግን ቃሉ አፌ ላይ ይቀራል። ለዛሬ ሌላ ቃል ልስጥዎት። ሰኞ ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ ያም ሆኖ ከበሩ ተነሥቼ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ አጭር አጭር እየረገጥኩ፣ ጮክ ብዬ እስከ አርባ እቆጥራለሁ። እርስዎ ጋ ስደርስ እቆማለሁ። ደህና ይቆዩኝ፣ ጋሼ።