ለቤት ሰው የሚፈላ ቅጠል

ልጅ ሆኜ ዝናብ የማይዘንብበት አገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ሚዛን ተፈሪ ጠዋት ይዘንባል፣ ቀትር ላይ ትንሽ ያባራል፣ ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ደግሞ እኛኑ ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ይወርድብናል። ቀዩ ጭቃ አንድ ጫማችንን ነጥቆ ሲያስቀርብን በአንድ እግራችን እየዘለልን እንስቅ ነበር። ቡናው ሲያብብ ግን መንደሩ በሙሉ በመዓዛው ስለሚታወድ ሰው ሁሉ ጭቃውን ይቅር ይለዋል። እናቴ ብቻ ይቅር አላለችውም።

እናቴ የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት። መምህሩ አባቴ ወደ ሚዛን ሲዛወር ተከትላው መጣች እንጂ ልቧን ይዛ አልመጣችም። ጤፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ ጎደሬ ቀቅላ ስታቀርብልን እንደ ጥፋተኛ ታቀረቅር ነበር። በአስተዳደግ ግን አትታማም። ሰው ቤት ስሄድ "ሲሰጡሽ በልቻለሁ በዪ፤ ሦስቴ ሳትለመኚ እጅሽን እንዳትዘረጊ" ትለኛለች። እሷም ብትሆን እንግዳ ሲመጣባት በሞቴ፣ አፈር ስሆን እያለች ካላስጨነቀችው ያስተናገደችው አይመስላትም።

ጎረቤታችን የታደለች እናት የቤንች ሰው ነበረች። ታደለች የክፍሌ ልጅና የሱዚ ዝላይ ጓደኛዬ ናት። ሁለቱን ቤቶች የሚለያቸው አንድ ረድፍ እንሰት ብቻ ነበር። የታደለች እናት አማርኛን የተማረችው ገበያ ውስጥ ስለሆነ የምትናገረው ጥቂት ነው፤ እናቴ ደግሞ ከእነሱ ቋንቋ አንድ ቃል አታውቅም። ቢሆንም ወንድሜ በተወለደ ዕለት እናቴ ስታምጥ ከኋላዋ ደግፋ የያዘቻት እሷ ነበረች። ከዚያ ወዲያ ውኃውም ማገዶውም በእሷ እጅ ሆነ። ወንድሜ በተወለደ በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ አባቴ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማጂ ተመድቦ በበቅሎ ሄደ። እናቴ የክርስትናው አርባ ቀን እስኪሞላ ከደጅ የማትወጣ አራስ፣ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ። ከእግዜር ቀጥሎ ያለን የታደለች እናት ብቻ ነበረች።

አባቴ በሄደ በሦስተኛው ቀን የታደለች እናት የሚጨስ ማሰሮ በኮባ ቅጠል ይዛ መጣች። እናቴ ቡና መስሏት ፊቷ በራ። ተቀድቶ የተሰጣትን ቅል አሸተተችው፤ ፉት ስትል ፊቷ ተለወጠ። ጨሞ ነበር፤ የቡና ቅጠል ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ተወቅጦ በጨው የሚፈላ መጠጥ።

"ቅጠል ነው?" አለች እናቴ።

"አዎ፣ ቅጠል። ጠጪ" አለች የታደለች እናት እየሳቀች።

"ተባረኪ፤ አሁንስ ጠግቤያለሁ።"

በእናቴ ወግ ከዚህ በኋላ ልመናው መጀመር ነበረበት። የታደለች እናት ግን ጠግቤያለሁ ያለ ሰው ጠግቧል ብላ የምታምን ናት። ማሰሮውን ምድጃው አጠገብ አስቀምጣ፣ ሕፃኑን ስማ ሄደች።

እናቴን ሆድ ባሳት። "ጓሮዋ ሙሉ ቡና ተክላ ፍሬውን ለነጋዴ፣ ለእኔ ለአራሷ ቅጠል! አንዴ እንኳ በሞቴ አላለችኝም" አለችና እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ቀጥላም ወስጄ እንድደፋው አዘዘችኝ። ከቤቱ ጀርባ ወስጄ ማሰሮውን ዘቀዘቅሁት። ቀና ስል የታደለች እናት ማገዶ ተሸክማልን መጥታ እንሰቱ መካከል ቆማለች። ወደ ማሰሮው አየች፣ ወደ እኔ አየች። ማገዶውን እዚያው አውርዳ ተመለሰች። እኔም ማሰሮውን አጥቤ ደጃፏ ላይ አስቀመጥኩና ለእናቴ ትንፍሽ አላልኩም። ቁጣዋን ፈርቼ ነው።

ከዚያ በኋላ የታደለች እናት ደጃችንን አልረገጠችም። ታደለችም ሱዚ ስንጫወት ከእኔ ቡድን መሆን ተወች። እኔ በትንሽ ጀሪካን የምቀዳው ውኃ ለሕፃኑ ጨርቅ ማጠቢያ እንኳ አይበቃም፤ እርጥቡ እንጨት ቤቱን በጭስ ይሞላዋል እንጂ አይነድም። እናቴ በደንብ ስላልበላች ጡቷ መንጠፍ ጀመረ። "ምን አድርጌያት ይሆን?" ትላለች ለራሷ። እኔ የማውቀውን ውጬ ዝም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴና ወንድሜ አብረው ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። ደብተሬን ወርውሬ በእንሰቱ መካከል ሮጥኩ።

እነታደለች ምድጃቸውን ከበው ጨሞ እየጠጡ ነበር። ሽማግሌው አያቷ ትልቁን ቅል ይዘዋል። የታደለች እናት ልጠጣ አልጠጣ ሳትጠይቀኝ ለእኔም ቀድታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ጆሮዬ እስኪግል እያቃጠለኝ ጠጣሁት። ያን ያህል ፍሬ እያላት ለእናቴ ለምን ቡና እንዳላፈላችላት በልጅ አፌ ጠየቅኋት።

"ፍሬ ለእንግዳ ነው" አለችኝ። "ለነጋዴ፣ ለቢሮ ሰው። ጨሞ ለቤት ሰው። እናትሽ እንግዳ ናት? እኔ ይዣት አይደል የወለደችው? እህቴ ብዬ አመጣሁ፤ እሷ ደፋች።"

ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። መደፋቱን ማየቷን፣ እኔም መደበቄን፣ ያለችውንም ሁሉ እያለቀስኩ ለእናቴ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። ነጠላዋን አጣፋች፣ አራስ ያለ ብረት ከቤት አትወጣምና ቢላዋውን በመቀነቷ ሻጠች፣ ወንድሜን አቀፈች። ገና ሃያ ስምንተኛ ቀኗ ነበር።

"እማዬ፣ አርባ ቀን አልሞላሽም እኮ!"

"ዝም በይ፤ በሩን ክፈቺ።"

በካፊያው ውስጥ እንሰቱን አልፋ የታደለች እናት ደጃፍ ላይ ቆመች። ሽማግሌው ደንግጠው ከመቀመጫቸው ተነሡ። እናቴ ትንፋሿን ሰብስባ "እህቴ፣ ጠምቶኛል። ያን ቅጠል ስጪኝ" አለች። በሰው ቤት ስጡኝ ስትል የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ለእሷ ከዚያ የሚበልጥ ነውር እንዳልነበረ እኔ አውቃለሁ፤ በዚያ ቤት ከእኔ ሌላ ያወቀ አልነበረም።

የታደለች እናት መጀመሪያ ሕፃኑን ተቀበለቻት። ከዚያ ቅሉን እስከ አፉ ሞልታ ሰጠቻት። እናቴ ሳታርፍ ጠጥታ ጨረሰችው። እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል "ቃሪያው ነው" አለችና ማንም ሳይለምናት ባዶውን ቅል መልሳ ዘረጋች። "ድገሚኝ።" የታደለች እናት እስኪያስላት ሳቀች። አባቴ ከማጂ ሲመለስ ሚስቱን የቡና ቅጠል ስትወቅጥ አገኛት፤ እሱንም ሦስቴ ሳትለምነው ቀዳችለት።

ሁለቱም እናቶች ዛሬ በሕይወት የሉም። እኔ የምኖረው በትልቅ ከተማ ፎቅ ላይ ነው። ፊት ለፊቴ ካለችው ጎረቤቴ ጋር ሰላምታ ካቆምን ሁለት ዓመት አለፈን። ምን እንዳስቀየማት አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ያደግነው በአንድ ወግ ነው፤ አፍ የፈታነውም በአንድ ቋንቋ ነው፤ አስተርጓሚ አያስፈልገንም። ከእሷ በር እስከ እኔ በር ስድስት እርምጃ ነው። አራስም አይደለሁም፣ ዝናብም የለም። እስካሁን ግን አላንኳኳሁም።