ለሰካራም አፍ ያዋስኩት ግጥም

ይህን ለእናቴ አልነገርኩም፤ ከንስሐ አባቴም ደብቄያለሁ። ለማታውቀኝ ለአንተ የምነግርህ እንድታዝንልኝ አይደለም።

የጎረቤታችንን የአዴ ጫልቱን ባል ከአረቄ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ የሱሉልታ ውርጭ ገደላቸው። ከቀብሩ በኋላ አዴ ጫልቱ ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። «ወንዶች ጠጥተው የመሬት ውል አይፈርሙ፤ በስብሰባም የሴት እጅ ይቆጠር» ይሉ ነበር። ከተማውን ወደ ገበሬው መሬት የሚያሰፋ ማስተር ፕላን የሚሉት ነገር አገሩን የሚያምስበት ጊዜ ነው። የመሬት ደላሎች ከስብሰባ በፊት ለገበሬው አረቄ በነፃ ያስቀዱ ነበር።

እኔስ? ግጥም ጽፌ ሰሚ ያጣሁ ጎረምሳ ነበርኩ። እዚያው አረቄ ቤት ተቀምጬ ሁለት ስንኝ ገጠምኩ። በራሴ አፍ ለማለት ፈራሁ። አጠገቤ ለነበረው ሰካራም፣ ለቶሎሳ፣ አስጠናሁት። እኔ ነኝ ያስጠናሁት!

በስብሰባው ሜዳ አዴ ጫልቱ ሊናገሩ ሲነሱ ቶሎሳ ጮኸ፦

«ባሏን ካረቄ ቤት አውጥታ ያላዳነች፣
ዛሬ ለመሬቱ ጠበቃችን ሆነች!»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። «ቁጭ በይ እቴ! መጀመሪያ ባልሽን ቀስቅሺ!» አለ አንዱ።

ቁጭ አሉ። ከዚያ ወዲያ በስብሰባ ላይ ቆመው አያውቁም። የሴት እጅ ሳይቆጠር ወንዶቹ መሬቱን ለመልቀቅ ፈረሙ። ሰው ግጥሜን እየደገመ ወደ ቤቱ ሲሄድ ምን ተሰማኝ? ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ!

በኋላ የመሬት ተቃውሞ ሲነሳ ከፊት ሆኜ «መሬታችን!» ብዬ የጮህኩትም እኔው ነኝ። በየትኛው አፌ? ተኩስ ስሰማ ግን እግሬ አውጪኝ አልኩ።

«ኮቱ፣ ኮቱ! ና፣ ግባ!» የሚል ድምፅ ጠራኝ። አዴ ጫልቱ ነበሩ። ያገባች ሴት የምትከበርበትን በትር፣ ሲንቄያቸውን፣ ይዘው በራቸው ላይ ቆሙ። ያሳደዱኝን ታጣቂዎች «ውስጥ ያለው ልጄ ነው» ብለው መለሷቸው።

ከዚያ እግሬን አይተው ሳቁ። «አንተ ገጣሚ፣ መሬት መሬት ስትል ጫማህን የት ጣልከው?»

ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ቶሎሳ የገዛ ስሙን እንኳ አስተካክሎ አይጠራም። ያን ግጥም ማን ሰጠው?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ አዴ።»

እሳቸው እውነቱን ከእኔ ሳይሰሙ አረፉ። ቶሎሳም የእኔን ነውር ተሸክሞ ሞተ።

ከማን ይቅርታ ልለምን? ሰክሬ ነበር ብዬም አላመካኝም። ያን ቀን ብርጭቆዬን አልነካሁትም።