ምንም እንዳይቀር

በደርግ ጊዜ ሮቤ ገበያ ውስጥ ባለችው አሮጌ የግል ዳቦ ቤት ጋጋሪ ነበርኩ። ያኔ «የግል» የሚለው ቃል ራሱ ያስፈራ ነበር። አንድ ቀን የምድጃው እንጨት እየተንጣጣ ሳለ የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን እንዳነገተ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ነገ ጠዋት ዳቦ! የማኅበሩ ማሳ! ምንም እንዳይቀር!» ብሎን ሄደ።

ባለቤቱን ጋሽ ወርቁን ላብ አጠመቃቸው። «ሊወርሱን ነው። አንድ ዳቦ ብናስቀር አሻጥር ይሉናል» አሉኝ። ያለንን ዱቄት ሁሉ ጋገርን፤ ጠዋት በጋሪ ጭነን ሄድን።

ማሳው ላይ ሕዝቡ ሁሉ ስንዴ ያጭዳል። የቀበሌው ሊቀመንበር መጥቶ የጋሪውን ሸራ ገለጠ።

«ማጭዳችሁስ?»

ለካ ጥበቃው ያለን «ደቦ፣ ማንም እንዳይቀር» ኖሯል!

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጆሯችን ነው» አሉ ጋሽ ወርቁ። ሰውዬው ዳቦ አንስቶ ቆረሰ፣ ቀስ ብሎ አላመጠ፣ እኔን አየኝ። «እጨዱ» ብሎን ሄደ። ቀኑን ሙሉ በተውሶ ማጭድ እያጨድን መታሰራችንን ስንጠብቅ ዋልን።

በሳምንቱ ጥበቃው ተመልሶ መጣ።

«አካም ቡልታን፣ እንዴት አደሩ ጋሽ ወርቁ! ነገ ደቦ ነው፤ ደቦ!» አለ ቃሉን ረገጥ አድርጎ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «ሊቀመንበሩ፣ ‹እንዳለፈው ጊዜ ተሳሳቱ› ብለዋል።»