ምስር ውስጥ የተቀመጠ አደራ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ሴሚስተር፣ የመጀመሪያዎቹን የማጠቃለያ ፈተናዎቼን በምወስድበት ሳምንት ነው። ልርሳው ብል እንኳ የብሎካችን ሰዎች አይፈቅዱልኝም። ከታች ካለው ሱቅ ምስር ልገዛ በወረድኩ ቁጥር አንድ ሰው ከኋላዬ «ዛሬስ ጸጥ ብሏል?» ብሎ ይጠይቃል። ሌሎቹ ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ፤ ምን አደርጋለሁ።

የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እኔና እናቴ ብቻ ነን። እናቴ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነች ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትመለሰው። እኔ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ ኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ።

ሰነፍ የምባል ተማሪ አይደለሁም። ደብተሬን በቀለም አሰምራለሁ፤ የምቀመጠው ከፊት ነው፤ መምህሩ «ገባችሁ?» ሲል ቀድሜ ራሴን የምነቀንቀው እኔ ነኝ፤ ባይገባኝም። ችግሬ ስልኬ ነበር። ለማጥናት ስቀመጥ የአንድ ቃል ትርጉም ልፈልግ ብዬ አነሳዋለሁ። ከዚያ አንዲት ድመት ከፍሪጅ ላይ ስትወድቅ የሚያሳይ ቪዲዮ ይመጣል። እሷ ከወደቀች በኋላ ደግሞ ሌላ ድመት አለች። ቀና ስል መሽቷል፤ የቃሉን ትርጉም ግን አላየሁትም።

የሎጂክ አጋማሽ ፈተና ውጤቴ ሲመጣ እናቴ ወረቀቱን አይታ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ማጠቃለያው ላይ ታስተካክዪዋለሽ» ብላ ወደ ማድቤት ገባች። ማጠቃለያው ላይ ካላስተካከልኩ ኮርሱን መድገሜ ነው፤ ከደገምኩ ደግሞ የምመኘው ዲፓርትመንት ቀረ ማለት ነው። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ስለዚህ የፈተናው ሳምንት ዋዜማ፣ እሁድ ጠዋት፣ ቆርጬ ተነሳሁና ስልኬን ይዤ ወደ እትዬ ዘሃራ ሱቅ ወረድኩ።

እትዬ ዘሃራ የወሎ ሰው ናቸው። ከብሎካችን ሥር ባለው ሱቃቸው እህል፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ብቻ ለቤት የሚያስፈልገውን ሁሉ ይሸጣሉ። የብሎካችን ሰው የቤቱን ቁልፍ የሚያስቀምጠው እሳቸው ዘንድ ነው። ከሥራ የሚዘገይ ወላጅም ልጁን የሚያስጠብቀው እሳቸው ዘንድ ነው።

«እትዬ ዘሃራ፣ ይህን ስልክ እስከ አርብ ይያዙልኝ» አልኳቸው።

«ምነው፣ ተበላሸ?»

«የተበላሸሁትስ እኔ ነኝ።»

ነገሩን ከድመቷ ጀምሬ አስረዳኋቸው። በመጨረሻም «ብለምንዎትም፣ ባለቅስም፣ ታምሜያለሁ ብልዎትም እንዳይሰጡኝ» አልኩ።

ስልኩን ገና ሳይቀበሉ ጠየቁኝ። «እንዲያው ያዙልኝ ነው የምትዪኝ ወይስ አደራ?»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«እንዲያው ያዙልኝ ካልሽ፣ ስትመጪ እሰጥሻለሁ። አደራ ካልሽኝ ግን እስከ አርብ አላውቅሽም።»

«አደራ» አልኩ።

«በቃ ጨረስሽ፤ ወላሂ አታገኚውም» ብለው መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት።

ድምፁን አጥፍቼው ነበር። ቫይብሬቱን ግን ረሳሁት። ስልኬን ማስቀመጤንም ለክፍል ጓደኞቼ አልነገርኩም፤ እንዳያሾፉብኝ ብዬ። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንባቢ ያዝልኝ።

በመጀመሪያው ቀን እጄ ሳላዘው ኪሴ ውስጥ እየገባ ይወጣ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሳሙና እንዳለቀብን ትዝ አለኝ። አላለቀብንም፤ ግን ትዝ አለኝ። ወርጄ ገዛሁ፤ እግረ መንገዴንም መሳቢያውን አየት አደረግኩት። በማግስቱም ሳሙና «አለቀ»። ማታ እናቴ ቁም ሳጥኑን ከፍታ «ቤዛ፣ ምን ነካሽ? ላውንደሪ ልትከፍቺ ነው?» አለችኝ።

እትዬ ዘሃራ ቀድመው ነቅተዋል። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ «እንኪ ሳሙናሽን፤ ዓይንሽንም ከመሳቢያዬ ላይ አንሺና ይዘሽው ውጪ» አሉኝ። ፊቴ በርበሬ መሰለ። እንደወጣሁ ስልኩን ከመሳቢያው አንስተው ሌላ ቦታ እንደወሰዱት ግን አላወቅኩም።

ከዚያ በኋላ ማጥናት ቻልኩ። እውነት ለመናገር እኔም ገረመኝ። አንድ ምዕራፍ ጀምሬ ያንኑ ምዕራፍ ጨረስኩ፤ ይህ ኮሌጅ ከገባሁ ወዲህ ሆኖ አያውቅም። የሎጂክ ፈተና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ረቡዕ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ወንበር አውጥቼ ለክለሳ የቀረኝን እየቆጠርኩ ተደስቼ ተቀምጫለሁ።

በዚህ መሀል ከታች «አይጥ! አይጥ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ።

በኮሪደሩ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ቁልቁል አየሁ። አንዲት ሴት ዘንቢሏን ጥላ ከእትዬ ዘሃራ ሱቅ እየሮጠች ወጣች። ወረድኩ። ጾም ስለሆነ ሱቁ ምስርና ሽሮ ሊገዛ በመጣ ሰው ተሞልቷል። ሁሉም የምስሩን ጆንያ ከቦ ቆሟል።

ምስሩ ይንቀሳቀሳል። ጥርር ይልና ከላይ ያለው እየተንከባለለ ይወርዳል፤ ያቆማል፤ ደግሞ ጥርር ይላል።

«ትልቅ ነው» አለች ዘንቢሏን የጣለችው ሴት፣ ከደጅ ሆና።

«ብቻውንም አይደለም፤ ከነቤተሰቡ ነው» አለ አንድ ወጣት።

«እኔ ትናንት ከዚሁ ጆንያ ነው የገዛሁት!»

«በላሽው?»

«ተወኝ እስቲ!»

ጋሽ ታደሰ የመጥረጊያ እንጨት ይዘው ደረሱ። ጋሽ ታደሰ ጡረታ የወጡ፣ የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። «ዞር በሉ! ልጆቹን አርቁ!» ብለው እንጨቱን አነሱ። ልክ በዚህ ጊዜ እትዬ ዘሃራ ከውስጠኛው ክፍል ዘይት ይዘው ወጡ። ያዩትን ሲያዩ ዘይቱን መሬት አስቀምጠው ጆንያው ላይ ተደፉበት።

«ጋሽ ታደሰ፣ እንዳይመቱት! የሰው አደራ ነው!»

ጋሽ ታደሰ እንጨቱን እንዳነሱ ቀሩ።

«አይጡ?» አሉ በመጨረሻ።

«የምን አይጥ አመጡብኝ! የዚች ልጅ አደራ ነው» ብለው እትዬ ዘሃራ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዘንቢሏን የጣለችው ሴት «እኛ ደግሞ ጨዋ ልጅ ትመስለን ነበር» አለች።

እትዬ ዘሃራ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ምስሩ ውስጥ ሰደው፣ በንጹሕ ፌስታል የተጠቀለለ ስልኬን አወጡ። ሰው ሁሉ በአንዴ ተነፈሰ። እኔ ግን ስክሪኑን አየሁት፤ የሱራፌል ስም ይበራል። ሱራፌል የክፍላችን ተጠሪ ነው፤ ያለ ጉዳይ የሚደውል ልጅ አይደለም። እጄን ዘረጋሁ። እትዬ ዘሃራ ስልኩን ወደ ደረታቸው ሳቡት።

«ዛሬ አርብ ነው?»

«አይደለም፣ ግን...»

«እንግዲያው እኔ አነጋግረዋለሁ።» ስፒከር ላይ አድርገው «ሃሎ! የማን ልጅ ነህ?» አሉ።

ሱራፌል ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀም። ትንሽ ተንተባተበና «ቤዛ የለችም? የሎጂክ ፈተና ለዛሬ ጠዋት ተቀይሯል! ነገ አዳራሹ ተይዟል ተብሎ ትናንት ማታ ግሩፑ ላይ ተለጥፏል። ሁላችንም እዚህ ነን፤ አራት ሰዓት ላይ ይጀመራል። ከጠዋት ጀምሮ ስደውል ማንም አያነሳም!» አለ።

ጋሽ ታደሰ ሰዓታቸውን አዩ። «ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል» አሉ።

የኮሌጁ ማስታወቂያ ሁሉ የሚመጣው በዚያው በምሸሸው ስልክ መሆኑን ያኔ ገና አሰብኩት። እናቴ ወረቀቱን አስቀምጣ ወደ ማድቤት ስትገባ ታየችኝ። «አልደርስም» ብዬ ጆንያው አጠገብ ቁጭ አልኩ።

«ተነሽ!» አሉ እትዬ ዘሃራ። «ከዚህ ሜክሲኮ ሩቅ ነው እንዴ? ተነሽ እንጂ!» ከመደርደሪያው እስክሪብቶ አንስተው አስጨበጡኝ። ሻርፓቸውን አስተካክለው ስልኩን ጉያቸው ውስጥ ከተቱ።

«እርስዎም ሊመጡ ነው?»

«አደራዬን ጥዬ የትም አልሄድ። አንቺንም እንዲህ ደንግጠሽ ብቻሽን አስፋልት አላሻግርሽም።» ከዚያ ወደ ጋሽ ታደሰ ዞረው «ሱቁን አደራ» አሏቸው። ጋሽ ታደሰ የመጥረጊያ እንጨቱን እንደ ጠመንጃ ትከሻቸው ላይ አድርገው በሩ ላይ ቆሙ።

ታክሲ አገኘን። እኔ በቤት ነጠላ ጫማ፣ እሳቸው ክንዳቸው ላይ የምስር ብናኝ እንዳለ ተቀመጥን። ስልኩ ጉያቸው ውስጥ ጥርር ማለቱን አላቆመም፤ ሱራፌል ነው።

«ማዘር፣ ስልክዎ እየጠራ ነው» አለ ረዳቱ።

«የኔ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የሷ።»

ረዳቱ እኔን አየ፤ እሳቸውን አየ። «ታዲያ ይስጧታ!»

«እስከ አርብ አልሰጣትም።»

«ምን አጥፍታ ነው?»

«ምንም አላጠፋችም። ራሷ ናት አይስጡኝ ያለችው።»

ታክሲው በሳቅ ተሞላ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «ሱቅዎ የት ነው እቴ? የኔም ልጅ ፈተና ደርሶበታል» አሉ። ሹፌሩ በመስታወት እያየን «ሚስቴ ብትሰማ የኔንም አምጥታ ትሰጥዎት ነበር» አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ያኔ ግን መንገዱ ሲዘጋጋ እያየሁ አፌ ውስጥ ትርጉሞችን እየደገምኩ ነበር።

ሜክሲኮ ወርደን ሮጥን። እትዬ ዘሃራ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከኔ ቀደሙ፤ ነጠላ ጫማዬ ነው የያዘኝ። የኮሌጁ በር ላይ የጥበቃ ሠራተኛው እጃቸውን ዘርግተው «መታወቂያ» አሉ።

ኪሴን ዳሰስኩ። ባዶ ነው። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ መታወቂያዬን የማስቀምጠው እንዳይጠፋብኝ ብዬ ስልኬ ከቨር ውስጥ ነው።

ወደ እትዬ ዘሃራ ዞርኩ። «ስልኩን ይስጡኝ፤ መታወቂያዬ ከጀርባው አለ። እባክዎ!»

እጃቸውን ጉያቸው ላይ አደረጉ። ብለምንዎትም አይስጡኝ ያልኩት እኔው ነኝ። ከጥበቃው በስተጀርባ የመጨረሻዎቹ ተማሪዎች ወደ አዳራሹ ሲገቡ ይታየኛል።

እትዬ ዘሃራ ስልኩን አወጡ፤ ከቨሩን በጥፍራቸው ፈለቀቁ፤ መታወቂያውን ሰጡኝና ስልኩን ወደ ጉያቸው መለሱት። «አደራ ያልሽኝ ስልኩን ነው» አሉ። «መታወቂያው ሳይጠሩት ነው አብሮ የገባው። ሂጂ!»

የሎጂክ መምህራችን ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር እያልኩ እስካሁን አስባለሁ።

አዳራሹ በር ላይ ስደርስ ወረቀት እየታደለ ነው። ፈታኙ በስልኮች ወደተሞላው ጠረጴዛ ጠቁሞ «ስልክሽን እዚያ» አለኝ።

«አልያዝኩም።»

«አልያዝኩም የሚል ተማሪ ገና ዛሬ አየሁ። የት ሄደ?»

«ሴትዮዋ ጋ ነው።»

«የትኛዋ ሴትዮ?»

በመስኮቱ ወደ ግቢው በር ጠቆምኩት። እትዬ ዘሃራ ከአጥሩ ማዶ ቆመው፣ እንደ ምስክር ስልኬን ወደ ላይ አንስተው ያዙት። አዳራሹ ሳቀ። ፈታኙም ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረና «ግቢ» አለኝ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳነብ አወቅኩት። ሁለተኛውንም አወቅኩት። ያነበብኩት ሁሉ ካስቀመጥኩበት ቦታ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። በመሀል ጠረጴዛው ላይ ካሉት ስልኮች አንዱ ጥርር ሲል ብቻ፣ ሳላስበው ብድግ ልል ነበር።

ስወጣ እትዬ ዘሃራ የጥበቃ ሠራተኛውን ዱካ ተቀብለው ተቀምጠዋል። ሰውዬው ስለ ልጃቸው ስልክ እያማከሯቸው ነው። እትዬ ዘሃራ ሲያዩኝ ተነሱ። «እህስ?» አሉ።

«ሠራሁ መሰለኝ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ዓይናቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉ። ያን ጊዜ አቀፍኳቸው፤ ስልኩ በመሀላችን ጥርር አለ። ሁለታችንም ሳቅን። ስልኩን ግን ያኔም አልሰጡኝም። አርብ ዕለት፣ የመጨረሻውን ፈተና ፈትኜ ስመለስ፣ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ስልኬን በጨርቅ እየጠረጉ ጠበቁኝ።

ሎጂክን አለፍኩ፤ ደህና ውጤት ነው ያመጣሁት። እናቴ ውጤቱን ስታይ አሁን ወደ ማድቤት ሳይሆን ወደ ታች ነው የሄደችው፣ እትዬ ዘሃራን ልታመሰግን። ስትመለስ ከዚያ ጆንያ የተረፈውን ምስር ይዛ መጣች። አይጥ እንዳልነበረ ሁሉም ቢያይም ከዚያ ጆንያ የሚገዛ ሰው ጠፍቶ ነበር። ጾሙ እስኪፈታ ቤታችን ሌላ ወጥ አልተሠራም፤ እኔም አንድ ቀን አላማረርኩም።

አሁንም ለፈተና ስዘጋጅ ስልኬን ይዤ እወርዳለሁ። እትዬ ዘሃራ ከመቀበላቸው በፊት «ተጠሪው ቁጥሬን ይዟል? መታወቂያሽን አውጥተሻል? ቫይብሬቱስ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጋሽ ታደሰ ካሉ «አይጡ መጣ» ይላሉ። ያን ቀን ሳስታውስ አፍራለሁ፤ ግን ባይደርስብኝ ኖሮ ብዬ ተመኝቼ አላውቅም። ለእኔ ብሎ ሱቁን ጥሎ የሚሮጥ ጎረቤት እንዳለኝ ያወቅኩት ያን ጠዋት ነው።

ስልኬን አሁን የት እንደሚያስቀምጡት አይነግሩኝም፤ እኔም አልጠይቅም። ሳሙና ግን አልፎ አልፎ ያልቅብናል።