ሰኞ ጠዋት በር ላይ ያልነገርኳት

መካነ ሰላም በተከራየናት ቤት ሦስት ልጆች እጠብቅ ነበር፤ አንዷ የራሴ ናት። ባለቤቴ አጅባር በኩል መንገድ ሥራ ላይ ስለነበር በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው። ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰች አንዲት ጎረቤቴ አስተማሪ «ያንቺን ይዘሽ ቤት መዋልሽ ካልቀረ የኔንም ያዥልኝ» ብላ የሰባት ወር ልጇን ሰጠችኝ። ቀጥሎ አንድ የቢሮ ሠራተኛ የሦስት ዓመት ተኩል ልጁን አመጣ። ሚስቱ ደሴ ለትምህርት ስለሄደች ቀን ቀን ልጁን የሚይዝለት ሰው አልነበረም።

በንጽሕናዬ እኮራ ነበር። ቤቴ ሁሌም የተጠረገ ነው፤ ልጆቹም ወደየቤታቸው የሚሄዱት ፊታቸው ታጥቦ፣ ቅባት ተቀብተው ነው። አስተማሪዋ ለሰው ሁሉ «እሷ ዘንድ ትቼው ስሄድ ሐሳብ የለብኝም» ትል ነበር። ያቺን ንግግር ሰው ደግሞ ሲነግረኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያ በጋ የቧንቧው ውሃ ጠፋ። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ሲባል ከሳምንት በላይ ሆነ። ጀሪካኖቹን በየሰዓቱ አንሥቼ ምን ያህል እንደቀረ አያለሁ። ሳፋ ላይ ትንሽ ውሃ አድርጌ ሦስቱንም ልጆች በዚያው አስታጥባለሁ፤ ትልቁ ልጅ ደግሞ ከሽንት ቤት ሲመለስ እጁን እዚያው ነከር አድርጎ ይሮጣል። አፍንጫቸውን የምጠርግበት ፎጣም አንድ ብቻ ነበር። ይህን ሁሉ ሳደርግ ውሃ የቆጠብኩ እንጂ ሌላ ነገር ያደረግሁ አልመሰለኝም።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ልጄን አስቀመጣት። ፀሐይዋ ሞቅ ሳትል ሦስት ጊዜ። የግቢው ባለቤት፣ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፣ በበሩ ብቅ ብለው አዩዋት።

«አብሽሪ ልጄ፣ መንጋጋዋ ሊወጣ ነው። ያልፍላታል ኢንሻ አላህ» አሉኝ።

«ይሁን እማማ» አልኳቸው። ማመን ፈልጌ ነበር።

ወዲያው አስተማሪዋ እየሮጠች መጣች። የሚፈተን ክፍል ስለነበራት ዘግይታለች። ሕፃኑን ክንዴ ላይ አስተኝታ የጡጦውን ቦርሳ ትከሻዬ ላይ አንጠለጠለችው። ከኋላዬ ልጄ ፖፖዋ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«ምን ሆና ነው?» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ብነግራት ልጁን ይዛ ትመለሳለች፤ ፈተናው ይስተጓጎልባታል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ትፈልጋለች። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መጣብኝ።

«ምንም። እንቅልፍ አልጠገበችም» አልኳት።

ረፋድ ላይ ሦስቱም በአንድ ጊዜ አለቀሱ። ልጄን አጥቤ፣ ጨርቋን ዘፍዝፌ ገና ቀና ማለቴ ነበር። ሳሙናው መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ሕፃኑ ግን ጮሆ ጮሆ ትንፋሹ ሊቆረጥ ደረሰ። እጄን በጥቂት ውሃ ለቅለቅ አድርጌ ወተቱን በጠበጥኩ፤ የጡጦውን ጫፍ በአውራ ጣቴ ገፍቼ ክዳኑ ውስጥ አስገባሁት። ሳሙናው ይታየኝ ነበር። እጄ እንዳልጠራም አውቅ ነበር። ሕፃኑ ጠባና ዝም አለ።

ማክሰኞ ልጄ ተሻላት፤ እኔም «ጥርስ ነበር» ብዬ ተኛሁ። ረቡዕ ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

«ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው አደረ» አለች አስተማሪዋ። ድምፅዋ ደክሟል። «አንቺ ዘንድ የቀመሰው ነገር አለ?»

«ከወተቱ በቀር ምንም።»

የተናገርኩት እውነት ነበር፤ ውሸትም ነበር። ያን ቀን መቀመጥ አቃተኝ። ወለሉን ጠረግኩ፤ ደግሜ ጠረግኩ። ስልኩን አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ወደ በሩ ሄጄ የምወጣበትን ምክንያት ረስቼ እመለሳለሁ። ትልቁ ልጅ እግር እግሬን እየተከተለ «ምን ጠፍቶብሽ ነው?» ይለኛል።

ሐሙስ ሕፃኑ ጤና ጣቢያ መግባቱን እማማ ነገሩኝ። ልጄን አዝዬ፣ ትልቁን ልጅ በእጄ ይዤ ወጣሁ። የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በሰውና በአህያ ተሞልቷል፤ በትከሻዬ እየገፋሁ አለፍኩ። አስተማሪዋን አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘኋት። ኩባያ ውስጥ የተበጠበጠ ኦአርኤስ፣ ለተቅማጥ የሚሰጠውን ንጥረ ነገር፣ በማንኪያ ታጠጣዋለች። የሕፃኑ ዓይን ጎድጉዷል፤ ሲያለቅስ እንባ የለውም። ነርሷ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ስትለቀው ቆዳው ቀስ ብሎ ነው የተመለሰው።

«የምነግርሽ ነገር አለ» አልኩ። «ሰኞ ልጄ ታማ ነበር። ሲያስቀምጣት ነበር። እጄን በሳሙና ሳልታጠብ ነው ወተቱን የሰጠሁት።»

አስተማሪዋ ማንኪያዋን አላቆመችም። አንዴ አጠጣችው፣ ደግማ አጠጣችው።

«በርሽ ላይ ቆሜ ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ፊቷን ወደ ልጇ መለሰች። ነርሷ ግን ወደ ትልቁ ልጅ ጠቆመች።

«ይሄኛውስ ደህና ነው?»

«ደህና ነው» ከማለቴ በፊት ልጁ ራሱ ቀደመኝ። «እኔም አርብ ሆዴን አሞኝ ነበር። አባዬ ለማንም አትንገር ብሎኛል» አለ፤ ምሥጢር በማውጣቱ አፍሮ ቀሚሴ ውስጥ ተሸጎጠ።

አርብ ዕለት ሽንት ቤት መመላለሱ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። እጁንም በዚያ ሳፋ መንከሩ። ለአንድ አፍታ ቅልል አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ በመቅለሌ አፈርኩ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ አባቱ ቢሮ ሄድኩ። በንዴት ልናገረው አስቤ ነበር። ስነግረው ፊት ለፊቱ ያለውን ፋይል ዘጋ።

«ስብሰባ ነበረብኝ» አለኝ። «ብነግርሽ አልቀበልም ትያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

እኔም የዋሸሁት በዚያው ፍርሃት ነው። ልጁን አስረክቤው ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ከአስተማሪዋ አንድ አጭር መልእክት ደረሰኝ፤ «ሽንቱን ሸና» ይላል። ውሃ ወደ ሰውነቱ እየተመለሰ ነው ማለት ነው፤ እሱን አንብቤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ልጁን ግን መልሳ አላመጣችውም፤ አማቷ ከኩታበር መጥተው ይዘውላት ነበር።

በሳምንቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነገሩን ሰምታ ቤቴ መጣች። አለመቆጣቷ ገረመኝ። ዳይፐር የምቀይርበትንና ወተት የምበጠብጥበትን ጠረጴዛ አየች፤ አንድ ነው። ከዚያ «እስቲ እጅሽን ታጠቢ» አለችኝ። በሳሙና አሽቼ፣ አጥቤ አሳየኋት።

«አውራ ጣትሽን ዘለልሽው» አለችኝ።

ሠላሳ ዓመት የታጠብኩትን እጅ እንደ አዲስ ተማርኩ። ትንሽ ጀሪካን ከሥሩ በምስማር ወግተን በሩ አጠገብ ሰቀልን፤ ምስማሩ ሲነቀል ውሃው በቀጭኑ ይወርዳል፤ ከሳፋው ያነሰ ውሃ ነበር የሚጨርሰው። ለልጄ፣ ለትልቁ ልጅና በኋላ ለመጡት ልጆች ለየራሳቸው ፎጣ ሆነላቸው። ዳይፐር መቀየሪያው ወደ ጥግ ሄደ፤ በቀየርኩ ቁጥር በውሃ በቀጠነ በረኪና እወለውለዋለሁ። ጡጦ ይቀቀላል። ከሁሉ የከበደኝ ግን ጠዋት በር ላይ መጠየቁ ነበር፦ አስቀመጠው? አስመለሰው? አተኮሰው? ስጠይቅ ወላጆች ዓይናቸውን ይሰብራሉ። እኔም ስለራሴ ልጅ ሳልጠየቅ እናገራለሁ።

ከወር በላይ ቆይቶ አማቷ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አስተማሪዋ ልጇን ይዛ መጣች። «ሌላ ሰው አጥቼ ነው» አለችኝ፣ ሳትሸፋፍን። ጥቂት ቀን እጄን ስታጠብ ቆማ እያየች ነበር የምትሄደው። አልከፋኝም፤ ግን ከሄደች በኋላም የምታየኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ልጁ ሁለቱም ዓይኖቹ በዓይናር ተጣብቀው መጣ።

«ዛሬ አልቀበለውም» አልኳት። «ለሌሎቹ ይተላለፋል። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።»

«ክፍል አለኝ እኮ!»

«አውቃለሁ።»

በቁጣ ተመለሰች። ደግማ የምትመጣ አልመሰለኝም። ሁለት ቀን ሙሉ ሥራ ስሠራ ጆሮዬ በር በሩን ነበር። አርብ ጠዋት መጣች፤ የልጁ ዓይን ጠርቷል። ሳልጠይቃት «ሌሊት ትንሽ አስሎታል፤ ትኩሳት ግን የለውም» አለችኝ።

ግንባሩን ዳሰስኩ። ቀዝቃዛ ነው።

«ይሁን፣ ሂጂ» አልኳት። እሷ ወደ ትምህርት ቤቷ ገሠገሠች፤ እኔ ግን እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ከልጁ አጠገብ እየተነሣሁ እየተቀመጥኩ ግንባሩን ስዳስስ ዋልኩ።