ታይስቶና የራንታላ ሸክላ

ታይስቶ የሙዚቃ ሸክላ ይሸጣል ማለት ትንሽ ማጋነን ነው። ሸክላ ቤት አለው፤ ሸክላዎቹ ዋጋ ተለጥፎባቸዋል፤ ሰውም ይገባል። ነገሩ የሚከብደው መሸጡ ላይ ነው። ታምፔሬ ከተማ ውስጥ፣ ከታመላ ገበያ ከፍ ብሎ ባለችው ጠባብ ሱቁ አንድ ደንበኛ የወደደውን ይዞ ወደ ባንኮኒው ሲቀርብ፣ ታይስቶ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ይገፋና «ምን ልታደርገው ነው?» ይለዋል። ትክክለኛው መልስ «ላዳምጠው» እንዳይመስላችሁ። እንዲያ ያሉ ብዙዎች ባዶ እጃቸውን ወጥተዋል። አንዲት ሴት ለባሏ ልደት ስጦታ ልትገዛ መጥታ «ባልሽን ላኪውና ልየው» ብሎ መልሷታል። ልጁን የሚድር አባት እንኳ እንደሱ አይመረምርም። ለተመለሱት ማጽናኛ ጨው ያለበት ጥቁር ከረሜላ ይሰጣቸዋል፤ በከረሜላው ብዛት ከታየ ሱቁ ከረሜላ ቤት ነው።

ይህ ሰው ከዚያ ሁሉ ሸክላ መካከል ነፍሱን የሚሰጥለት አንድ ነው። ሽፋኑ ላይ ሐይቅና ጥቂት የበርች ዛፎች ይታያሉ፤ ከሥሩ «ኬ. ራንታላ» ይላል፤ ሌላ ነገር የለም። የዘፋኙ ፎቶ የለም፣ የታተመበት ዓመት የለም። ታይስቶ ያገኘው አንድ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ሲዘጋ ያልተሸጠውን ጓዝ በጅምላ ሲገዛ ነበር፤ ማንም ያልነካው ሙሉ ካርቶን። ወሩ ኖቬምበር ነው። ሚስቱ ፒርኮ በዚያው ሰሞን ሶፋውን ይዛ እሱን ትታ ሄዳለች። ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አጫወተው። አኮርዲዮኑ ዳገት ላይ እንደደከመው ፈረስ ይጎተታል። የሚዘፍነው ሰውዬ ድምፁ የሚወጣው ከደረቱ ሥር ነው፤ አንዱን ቃል ጨርሶ ሌላውን እስኪጀምር ድረስ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ታይስቶ አለቀሰ። ሲያልቅ ገለበጠውና እንደገና አለቀሰ። ከዚያ ተነሥቶ ፊቱን ታጠበ፤ በማግሥቱም ሱቁን ከፈተ። እዚህ ላይ አልቀልድም፤ ያ ሸክላ ሰውዬውን አድኖታል።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ያበቃ ነበር። ታይስቶ ግን ያዳነውን ሰው ማወቅ ፈለገ፤ ማወቅ ሲያቅተው ፈጠረው። ራንታላ በእሱ አፍ በሰሜን በኩል ግንድ በወንዝ የሚያወርድ ጉልበተኛ ሆነ፤ አንዲት ሴት ከዳችው፤ ይህን አንድ አልበም ዘፍኖ ሐይቅ ውስጥ ገባና ቀረ። መጀመሪያ ላይ ታሪኩን ሲያወራ «ሳይሆን አይቀርም» የምትል ቃል ያስገባ ነበር። ጥቂት ዓመት ቆይቶ «ይባላል» አለ። ውሎ አድሮ ሐይቁን በስም መጥራት ጀመረ።

ያስቸገረው ግጥሙ ነበር። የመጀመሪያው ዘፈን ስለ እንጆሪ ለቀማ ነው። ሁለተኛው ስለ ቢንቢ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ታይስቶን አይበግረውም። «እንጆሪው ያጣው ልጅነቱ ነው» ይላል፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ቢንቢዋስ?» ያለው ሰው ካለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኅሊና» ይለዋል። ሰዉም አንገቱን ይነቀንቃል። ምን ያድርግ?

ከዚያ ልማዱ መጣ። በየዓመቱ በቅዱሳን ሁሉ ቀን፣ ሰው መቃብር ላይ ሻማ አብርቶ ሲመለስ፣ ሰባት ስምንት ሰው ታይስቶ ሱቅ ይሰበሰባል። ወንበር የለም። ቆመው የሸክላውን ሁለቱንም ፊት ያዳምጣሉ፤ ማንም ቃል አይተነፍስም፤ ሲያልቅ ጃኬታቸውን ቆልፈው ይወጣሉ። ጡረተኛው አናጢ ሄይሞ አንድም ዓመት ቀርቶ አያውቅም። ድሮ ከሚስቱ ከአውኔ ጋር ነበር የሚመጣው፤ አሁን ከአውኔ መቃብር ቀጥታ ወደዚያው ነው። አውቶቡስ ነጂዋ ራይሊ ለዚያ ቀን ብላ ፈረቃ ትለዋወጣለች። ሁሉም ሸክላውን ከታይስቶ እጅ የገዙ፣ ማለትም ፈተናውን ያለፉ ናቸው። ታይስቶ እነዚህን ሰዎች የሠራኋቸው እኔ ነኝ ብሎ ያምናል። «ጆሮ ሰጠኋቸው» ይላል። ከእነሱ ሌላ ሰው እንደሌለው ግን አይናገርም።

ዘንድሮ በዓሉ ሲቃረብ፣ አንድ ዝናባማ ሐሙስ፣ ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰች ሽበታም ሴት ገባች። ከገበያ የገዛችው ትኩስ ጥቁር ቋሊማ በወረቀት ተጠቅልሎ እጇ ላይ ነው፤ ሽታው ሱቁን ሞላው። ታይስቶ ምግብ ይዞ የሚገባ ሰው አይወድም። ሊናገራት ሲል እሷ ቀደመችው።

«ውይ! ይቺን ከየት አመጣሃት?» አለች፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የራንታላን ሸክላ እያየች።

«እሱ ለሁሉ ሰው አይሸጥም፣ እመቤቴ። ሐዘን የቀመሰ ሰው ይፈልጋል።»

«ለእንጆሪ?»

ታይስቶ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። ቢሆንም ሴትዮዋ ማወቅ የፈለገች መሰለችውና ግንድ አውራጁን ከእናቱ ማሕፀን ጀምሮ ተረከላት። ቅዳሜ ለበዓሉ ስለሚሰበሰቡት ሰዎችም ነገራት። ቋሊማዋን እየገመጠች፣ ሳታቋርጠው፣ እስከ ሐይቁ ድረስ ሰማችው።

«ሰመጠ ነው የምትለኝ?»

«ሰመጠ።»

«ኧረ ተው! እኔ እኮ ዋና እችላለሁ።»

«ምን አሉኝ?»

«ኬርቱ ራንታላ እባላለሁ። ስሜ ሽፋኑ ላይ አልበቃ ብሏቸው ነው ያሳጠሩት። ያኔ ሃያ ምናምን ዓመቴ ነበር። ማንም አልገዛው ሲል የጥርስ ሐኪም ረዳት ሆኜ ኖርኩ፤ እሱም አይከፋም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሚዘፍነው ወንድ ነው።»

«እስቲ አጫውተው።»

አጫወተው። ኬርቱ ጥቂት ሰማች። ከዚያ ቋሊማውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ መሳቅ ጀመረች፤ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪመጣ።

«ወንድሜ፣ በሠላሳ ሦስት ነው እንዴ የምታዞረው? ይሄ እኮ አርባ አምስት ነው!»

«አልበም የሚዞረው በሠላሳ ሦስት ነው።»

«ይሄኛው በአርባ አምስት ነው። ድምፁ ይጠራል ብለው መከሩን፤ ከዚያ ሸክላው ላይ መጻፉን ረሱት።»

ሸክላ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚመረጠው ማጫወቻው ላይ ባለች ትንሽ ቁልፍ ነው። ቁልፏን የነኩ እንደሆነ ዘገምተኛው ይሮጣል፣ ጎርናናው ይቀጥናል። ይህን ታይስቶ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ ሌላውን ሰው በዚህ ስሕተት ከሱቁ አባሮ ያውቃል። ኬርቱ እጇን በባንኮኒው ላይ አሳልፋ ቁልፏን ነካቻት። አኮርዲዮኑ ተነሥቶ ሮጠ። ግንድ አውራጁ አንዲት ልጅ እግር ሴት ሆነና በደስታ ጮቤ መርገጥ ጀመረ። እንጆሪው እንጆሪ ነበር። ቢንቢዋም ቢንቢ ነበረች፤ አኮርዲዮኑ ራሱ ጥዝዝ ይልላታል።

ታይስቶ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ቁልፏን አያት።

«ቅዳሜ ሰው ይመጣል አላልከኝም?» አለች ኬርቱ። ሳቋ ቆሟል። «እኔን ለመስማት?»

«እርስዎን... እንደ መስማት ነው።»

«እንግዲህ እኔም እመጣለሁ። ለአርባ ዓመት ያህል ይሄን ሸክላ የሰማው ሰው እናቴ ብቻ ናት ብዬ ነበር የማስበው።» ዐይኗ እንባ አቀረረ። ታይስቶ እባክዎ ይቅሩ ሊላት ነበር፤ የሰጣት ግን ከረሜላ ነው።

ከዚያ በኋላ የነበረበትን ጭንቀት ለጠላትም አልመኝለትም። መታመም አሰበ። ሱቁን መዝጋት አሰበ። ሸክላውን ሰብሮ «ወደቀብኝ» ማለት ሁሉ አሰበና አነሣው፤ ግን የተጫረ የፖልካ ሸክላ እንኳ መጣል የማይሆንለት ሰው ነውና አቧራውን ጠርጎ መልሶ አስቀመጠው። መሳቂያ መሆኑ አንድ ነገር ነው። ሄይሞ ሚስቱን ቀብሮ መጥቶ ባርኔጣውን ጨብጦ የቆመበትን ነገር «ስሕተት ነበር» እንዴት ይባላል? ከተባለስ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ማን በሩን ይከፍታል? ፈተናውን ያለፉት ሰዎች ፈታኙ መውደቁን ሲሰሙ ይሄዳሉ። እሱ በእነሱ ቦታ ቢሆን ይሄድ ነበር፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነበር።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ መጡ፤ ጫማቸው የመቃብር ጭቃ ይዟል፤ ሻማና እርጥብ ሱፍ ይሸታሉ። እንደ ልማዳቸው በየቦታቸው ቆሙ። ኬርቱ ቢጫ ልብሷን ለብሳ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ማንነቷን የጠየቃት የለም፤ እዚህ አገር ሰው እንዲህ አይጠየቅም። ታይስቶ ሸክላውን ማጫወቻው ላይ አኖረ፤ መርፌውን ግን አላወረደም።

«ወዳጆቼ» አለ። በዚያ ቀን ቃል ሲነገር የመጀመሪያው ነውና ሁሉም ደነገጡ። «ይህን ሁሉ ዓመት አታልያችኋለሁ። ሳላውቅ ነው፤ ግን አታልያችኋለሁ። ራንታላ ግንድ አውራጅ አይደለም። አልሰመጠም። ጭራሽ ወንድ አይደለም። ራንታላ ማለት እኚህ በሩ ጋ የቆሙት ሴት ናቸው። ሸክላው የሚዞረው በአርባ አምስት ነው፤ እኔ በሠላሳ ሦስት አዙሬ አስለቀስኳችሁ። መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፤ አልቀየምም።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ራይሊ ጫማዋን አየች። ሄይሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እናውቃለን» አለ። ከዚያ ታረመና፣ «እኔ አውቃለሁ። የሌላውን አላውቅም።»

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«አርባ አምስት መሆኑን።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«የገዛሁት ሰሞን። አውኔ አቧራ ስትወለውል ቁልፏን ነክታት።»

«እኔም አውቃለሁ» አለች ራይሊ ቀስ ብላ። «የኔ ማጫወቻ አርባ አምስት ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ያንን ሰውዬ የምሰማው እዚህ ስመጣ ብቻ ነው።»

ከኋላ አንዱ ልጆቹ ልደት በመጣ ቁጥር በዚህ ሸክላ እንደሚጨፍሩ ተናገረ። ሌላው እጁን ግማሽ አነሣ። እርስ በርስ ተያዩ፤ ሁሉም ያውቃሉ። አሁን የተገረሙት እነሱ ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው ምሥጢሩን ብቻቸውን የያዙ መስሏቸው ኖሯል።

ታይስቶ ቀይ ሆነ። «ታዲያ አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም? አንድ ሰው?»

«እንዴት ተብሎ ይነገርሃል?» አለች ራይሊ። «አንተ እዚያ ቆመህ እያነባህ እኛ ቢንቢ ናት እንበልህ?»

ኬርቱ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም። «ይቅርታ፣ ግን አልገባኝም። ቤታችሁ ደህና አድርጋችሁ የምትሰሙት ከሆነ፣ እዚህ በየዓመቱ እየመጣችሁ ይሄን ጣረ ሞት ለምን ትሰማላችሁ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ሄይሞ ዞረ፤ አንዴ አፉን ስለከፈተ ጣጣው የእሱ ሆነ። ሄይሞ ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረ።

«አውኔ ናት ያመጣችኝ» አለ። «'ሰውዬው ሚስቱ ጥላው ሄዳለች፤ በዚህ ቀን ይሄን ነገር ብቻውን ቁጭ ብሎ አይስማ፤ እንሂድለት' አለችኝ። መጣን። እግሯን እያመማት እንኳ ትመጣ ነበር። ዘገምተኛውን ግን አትወደውም፤ እቤት ስንገባ ፈጣኑን ታደርገውና ኩሽና ውስጥ እንደንስ ነበር።»

«አሁንስ?» አለ ታይስቶ። «እሷ ካረፈች እኮ ቆየች። አሁን ለምን ትመጣለህ?»

ሄይሞ የሞኝ ጥያቄ እንደተጠየቀ ሰው አየው።

«አሁንማ እኔም ብቻዬን ነኝ።»

ታይስቶ ፊቱን ወደ ማጫወቻው አዞረና በመሐረቡ ይወለውለው ጀመር። ንጹሕ ነበር፤ ቢሆንም ወለወለው። ቢጠብቁት ቢጠብቁት የማይዞር ሲሆን ኬርቱ በመካከላቸው አልፋ ሄደች፤ ቁልፏን አርባ አምስት ላይ አድርጋ መርፌውን አወረደች። የልጅቷ ድምፅ ሱቁን ሞላው። ታይስቶም እንደ ሌላው ዓመት ሁሉ አለቀሰ።