«ምን ቀረብኝ»ን ማንሸራሸር

የአባቴ ውሻ ስም «ምን ቀረብኝ» ነው። ሰው ስሙን ሲሰማ ይስቃል፤ እኔ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ስሰማው ስለኖርኩ መሳቁን ከተውኩ ቆየሁ። ውሻው ራሱ ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የተቀነጠሰ፣ ዘሩ የማይታወቅ የካዛንቺስ ውሻ ነው። ስሙ የወጣው ለእሱ ተብሎ አይደለም፤ ለጎረቤታችን ተብሎ ነው።

ጎረቤታችን የአባዬ የልብ ጓደኛ ነበሩ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። አጥራችን አንድ ነው፤ ማታ ማታ ደጅ የሚቀመጡባት አግዳሚ ወንበርም አንድ ነች። እሳቸው ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን ስለሆንን ሥጋችን ብቻ ነበር ለየብቻ፤ ሌላው ሁሉ አብሮ ነው። ከዚያ የእድር ምርጫ መጣና ጉድ ፈላ። አባዬ ለሊቀ መንበርነት ተጠቆመ፤ እጅ ይውጣ ሲባል ጋሼ እጃቸውን ለሌላ ሰው አወጡ። «ሰውየው ጸሐፊ ስለነበረ ደብተር አያያዝ ያውቃል ብዬ እኮ ነው» ብለው ሊያስረዱት ሞከሩ። አባዬ ወይ ፍንክች።

በሳምንቱ ከየት እንዳመጣው የማላውቀው ቡችላ ይዞ ገባ። አጥሩ ሥር አቆመውና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ምን ቀረብኝ! ና!» አለ። ድሮ ገጠር ለጎረቤት በግልጽ የማይነገር ነገር በውሻ ስም ይነገር እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል። አዲስ አበባ መሃል ይህን ያደረገ ግን ከአባዬ ሌላ አላውቅም። እናቴ ያኔ በሕይወት ነበረች። «እንዲህ ዓይነት ስም የሚያወጣው የቀረበት ሰው ነው» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ስድስት ዓመት ሳይነጋገሩ ኖሩ። በእነዚያ ዓመታት ግራ ያጋባን ነገር ቢኖር ውሻው በሁዳዴ መወፈሩ ነው። እኛ ቤት ሃምሳ አምስት ቀን ሽሮና ምስር ነው፤ ውሻውም የሚደርሰው ያው ነው። ግን ጠዋት ስንነሣ አጥሩ ሥር ተጋድሞ ቅልጥም ሲቆረጥም እናገኘዋለን። «ከየት ነው የሚያመጣው?» ይላል አባዬ። በሁዳዴ ሥጋ የሚበላ አጥር ተጋሪ ስንት እንዳለን መቁጠር ከባድ አልነበረም። አባዬ መቁጠር አልፈለገም፣ በቃ።

ከዚያ እናቴ አረፈች፤ ለቅሶው ላይ እንኳ ሁለቱ አልተነጋገሩም። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ለልማት ተነሣና እኛ ጎተራ ኮንዶሚኒየም አንደኛ ፎቅ ገባን። ጋሼ ወዴት እንደሄዱ አልጠየቅንም። ማለቴ፣ እኔ ልጠይቅ ስል አባዬ «ምን አገባሽ» አለኝ። እሱ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እንደተቀመጠም ቀረ። እግሩ ማበጥ ጀመረ። ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ «በቀን ግማሽ ሰዓት ካልተራመዱ ጨርሰው ይተኛሉ፤ ከተኙ ደግሞ መነሣታቸውን እንጃ» አለኝ። ፈራሁ። እናቴን ቀብሬ ሳልጨርስ አባቴን ወንበር ላይ እያየሁት ልጣው ነው ብዬ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አኮረፍኩት። «የት ልሂድ? ማንን ላገኝ?» ይለኛል።

ከወንበሩ ያስነሣው የውሻ ክትባት ነው። ወረዳው ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተክሎ ውሻ ያላችሁ አስከትቡ አለ። ውሻው ደግሞ ደረጃ ላይ ከአባዬ በቀር ለማንም አይታዘዝም፤ ግድ ሆኖበት ይዞት ወረደ። መዝጋቢዋ ወጣት ናት፤ ቀና ሳትል ትጽፋለች።

«አባባ፣ መታወቂያዎን አይቻለሁ፣ ስልክዎንም ይዣለሁ። የውሻውን ስም ማን ልበል?»

«ምን ቀረብኝ።»

«የውሻው ስም ነዋ የቀረብዎት።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ። ምን ቀረብኝ።»

«ኧረ አባባ፣ ሌላ ምንም አልቀረብዎትም፤ ስሙን ብቻ ይንገሩኝ።»

ከኋላ ሰልፍ የያዙት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። እኔ ገብቼ ሳስረዳት ልጅቷ እስክሪብቶዋን ጥላ ሳቀች፤ ቀጥሎ ሰልፉ ሳቀ፤ በመጨረሻ አባዬም ሳቀ። ሳቁን ከሰማሁ ወራት አልፈው ነበር። ዞር ብዬ ሳይ እስከ ድንኳኑ ድረስ በእግሩ መጥቷል፤ አንዴም «እግሬን» አላለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ውሻው አየር ይፈልጋል» ማለት ጀመርኩ።

በእኛ ከተማ ግን ውሻ ግቢ ይጠብቃል እንጂ ሽርሽር አይወጣም። ቡልጋሪያ ጋራዦቹ ጋ ስንደርስ መካኒኮቹ ከመኪና ሥር ብቅ እያሉ «ፋዘር፣ ማን ነው ማንን የሚያንሸራሽረው?» ይሉታል። ወሎ ሰፈር ካፌ በረንዳ ላይ የተቀመጡ ሴቶች እግራቸውን ሰብስበው ወንበር ላይ ወጡ። ያገኘነው ሰው ሁሉ «ይናከሳል?» ብሎ ይጠይቃል። አባዬ «እኔ እንጃ፤ እስካሁን አልተመቸውም» ይላል፤ መንገዱ ወዲያው ይጸዳልናል። ወደ ቤት ስንመለስ ደግሞ የጎተራው ማሳለጫ ጋ እሱና ውሻው ሁልጊዜ ወደ ካዛንቺስ አቅጣጫ ይታጠፋሉ። «አባዬ፣ ቤታችን በዚህ ነው» ስለው «ውሻው ነው የሚጎትተኝ» ይለኛል። ገመዱ ረግቦ መሬት እየነካ።

እሺ፣ ውሻው ከሆነ እንግዲህ ብዬ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱንም አሮጌ መኪናዬ ውስጥ ከትቼ ካዛንቺስ ወሰድኳቸው። የሰፈራችንን ወንዝ ዳር እኔ ሕፃን ሳለሁ አፍንጫ ይዘን ነበር የምናልፈው። አሁን ንጣፍ፣ ሣር፣ መብራት፣ የሚቀመጡበት ወንበር አለው። አባዬ አበባ ፊት ቆሞ «እዚህ ዳቦ ቤቱ ነበር» ይላል። ፏፏቴ ፊት ቆሞ «ይኼ ጣሊያን የሠራው ቤት ነው፤ ጣሪያው ያፈስ ነበር» ይላል። ፎቶ የሚነሡ ሙሽሮች አስጎብኚ መስሏቸው ተከተሉን። ጥበቃው መጣና «ፋዘር፣ ውሻ ሣር ላይ አይወጣም፤ ንጣፉን ይዘው ይሂዱ» አለን። ንጣፉን ይዘን ሄድን።

አጥራችን በነበረበት አካባቢ ስንደርስ ውሻው ቆመ። አፍንጫውን አነሣ፣ ያቺን የተቀነጠሰች ጆሮውን አቆመ፤ ከዚያ ገመዱን ከአባዬ እጅ መንጭቆ በሣሩ ላይ ነጎደ። ጥበቃው ፊሽካ ነፋ። አባዬ፣ ያ ከወንበር አልነሣም ያለኝ ሰው፣ ከኋላው እየሮጠ «ምን ቀረብኝ! ኧረ ምን ቀረብኝ!» እያለ ይጮሃል። ሰው ዞር ዞር ብሎ አየው። አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ «አይዞዎት አባቴ፣ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ሁላችንም ነው የቀረብን» አሉትና ዓይናቸውን ጠረጉ። የውሻ ስም ነው ለማለት ጊዜ አልነበረኝም።

ውሻው ወንዙን ፊት ለፊት የሚያይ ወንበር ጋ ደርሶ ጭራው እስኪገነጠል ይቆላል። ወንበሩ ላይ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ሁለት እግራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው ይዘዋል።

«ራቅ በል። ራቅ በል ብዬሃለሁ፣ ልብሴን በምራቅህ እንዳትነካ፤ ሰላት አለብኝ» ይሉታል። «አጥንትም የለኝም ዛሬ።»

ጋሼ ነበሩ። ከስተዋል።

አባዬ እያለከለከ ደረሰ። እሳቸውን አየ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሰላም ሊል አፉን ከፈተ፤ ስድስት ዓመት ያልተባለ ሰላም እንዲህ በቀላሉ አይወጣም መሰለኝ። ወደ ውሻው ጎንበስ አለና፣ አጥር ለአጥር ሲጮህበት በኖረው ድምፅ ሳይሆን ቀስ ብሎ፣

«ምን ቀረብኝ» አለ።

ጋሼ ውሻውን አላዩም። እሱን ነው ያዩት።

«እኔ ነኛ» አሉ።

እኔ ፊቴን ወደ ወንዙ አዞርኩ። መልሼ ሳይ አባዬ አጠገባቸው ተቀምጧል። ውሻው ንጹሕ ልብስ እንዳይነካ ገመዱን በእሱ በኩል አሳጥሮ ይዞታል።

«ያ ጸሐፊ ደብተሩን በደንብ ያዘው?» አለ አባዬ።

«ደብተሩንማ ይዟል። ሰዉ ነው የተበተነበት።»

«እኔ ብሆን እየዞርኩ እሰበስበው ነበር።»

ጋሼ የሰቀሉትን እግራቸውን አወረዱና «ትሰበስበው ነበር» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ አባዬ ጫማውን አስሮ፣ ኮፍያውን አድርጎ፣ ውሻውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። የመኪናዬን ቁልፍ ወደ እኔ ዘረጋ።

«አሁንስ ምን ቀረሽ?» አለኝ። «ሰውየው እየጠበቀኝ ነው።»